ስለ ኮርማ ምርጫ

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፥ ቀጨኔ የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቀ ነው። ታላቅ በዓል በደረሰ ጊዜ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰንጋ ይገዛሉ፤ አርደውም ሥጋውን በእኩል መደብ ይካፈላሉ። ይህ ቅርጫ ይባላል። ገዢዎቹ ወደ ገበያ ሄደው የበሬውን ሻኛ ይዳስሳሉ፥ ጎኑን ያያሉ፥ ጥርሱን ይመለከታሉ። ከብዙ በሬዎች መካከል የሰባውን መለየት ዐዋቂነት ነው። ነገር ግን በሬው መልካም የሆነው በገበያው ቀን አይደለም፤ ከመወለዱ በፊት፥ አባቱ የትኛው ኮርማ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ ነው እንጂ።

ወንድ ጥጃ ባደገ ጊዜ ወይፈን ይባላል። ለዘር ቢቀመጥ ኮርማ ይሆናል፤ ቢቀጠቀጥ ግን ለእርሻ በሬ ወይም ለሥጋ ሰንጋ ይሆናል። ሰንጋ ልጅ የለውም። ቁመቱም ብርታቱም ከእርሱ ጋር ያልቃል።

አንዲት ላም ዘጠኝ ወር ያህል አርግዛ በዓመት ከአንድ ጥጃ በላይ እምብዛም አትወልድም። አንድ ኮርማ ግን በዓመት ለ25 ላሞች ያህል ይበቃል። ጥጃ ከእናቱ እኩሌታውን፥ ከአባቱም እኩሌታውን ይወርሳል። እንግዲህ አንዲት ላም መጥፎ ብትሆን አንድ ጥጃ ታበላሻለች፤ ኮርማው መጥፎ ቢሆን ግን የመንደሩ ጥጆች ሁሉ ይጎዳሉ።

በብዙ አገር የሚደረገው ነገር ይህ ነው። ፈጥኖ ያደገውን ወይፈን ነጋዴው አስቀድሞ ያየዋል፤ ባለቤቱም ገንዘብ ስለ ቸገረው ይሸጠዋል። ሁለተኛውን ብርቱ ለእርሻ ይቀጠቅጡታል። ማንም የማይገዛው፥ ለቀንበርም የማይበቃው ከሲታ ወይፈን ግን በወል ግጦሽ ላይ ከላሞች ጋር ይውላል። ኮርማ ይሁን ብሎ የመረጠው ሰው የለም፤ ሆኖም የጥጆቹ ሁሉ አባት እርሱ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ባለ ከብቱ «የዛሬ ከብት እንደ ድሮው አይደለም» ይላል፤ በሣሩም ያመካኛል። ሣሩም ቢሆን ጥቂት በደል ሳይኖረው አይቀርም።

በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ የላባን መንጋ ሲጠብቅ ብርቱዎቹ ለእርሱ፥ ደካሞቹ ለላባ እንዲሆኑ እንዳደረገ ይነበባል። ብርቱውን ሸጦ ደካማውን ለዘር የሚያስቀር ሰው በገዛ እጁ የላባን ዕጣ ይወስዳል።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የተባለ የከብት በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ሥራው ኀዘን ነበረ። በሬዎች ስላለቁ እርሻ ቆመ፤ ያ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ ምሳሌ እንዲሆኑ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። ይህ በሽታ በክትባት ኀይል ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። እንዲህ ያለውን ጥፋት ሰው ሁሉ ያየዋል፥ ይዋጋዋልም። የዘር መድከም ግን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚመጣ የሚያየው የለም።

በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ የቦረና ከብት አርቢዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። ወይፈን ለኮርማነት ሲመርጡ ቁመቱንና መልኩን ብቻ አይመለከቱም፤ የእናቱን ታሪክ ይመረምራሉ። ወተቷ ምን ያህል ነበረ? ሳታቋርጥ ትወልድ ነበርን? በድርቅ ጊዜ ጸናችን? ወይፈን ወተት የለውም፤ ስለዚህ ሴት ልጆቹ ምን ያህል እንደሚታለቡ የሚገመተው በእናቱ ነው። የቦረና ከብት ወደ ኬንያ ተሻግሮ በዚያ ያሉ አርቢዎች ለሥጋ ይበልጥ አሻሻሉት፤ ዘሩም እስከ አውስትራሊያ ደረሰ።

በእንግሊዝ አገርም በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1725 እስከ 1795 የኖረ ሮበርት ቤክዌል የሚባል ገበሬ ነበረ። ወንዶቹንና ሴቶቹን ከብቶች ለያይቶ ይጠብቅ ነበር፤ የመረጠውን ከመረጣት ጋር ብቻ ያገናኛል። ከብቶቹም ፈጥነው የሚሰቡ ሆኑ። ነገር ግን ሥጋውን ብቻ ስለ ተመለከተ ወተታቸው አነሰ፤ ከጊዜም በኋላ ሌላ ዘር በልጦ ቦታቸውን ወሰደ።

አሁን ጭንቁ ይህ ነው። መልካሙ ወይፈን ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ድኻ ሰው ለጎረቤት ላሞች ብሎ ዋጋውን እንዴት ይተው? እርሱን መውቀስ ቀላል ነው፥ ፍርድ ግን አይደለም። መንገዱን በመንዝ ያሉ በግ አርቢዎች አሳይተዋል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከባለሞያዎች ጋር ተስማምተው ጠቦቶችን መመዘንና ክብደታቸውን መጻፍ ጀመሩ። አስቀድሞ ፈጥነው ያደጉት ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አርቢዎቹ ራሳቸው የተሻሉትን መርጠው ለዘር ያስቀራሉ፥ በጋራም ይጠቀሙባቸዋል። በቦንጋም እንዲሁ ተደረገ፤ የቦንጋ አርቢዎች የተመረጡ አውራ በጎችን ለሌላ አገር ሰዎች እስከ መሸጥ ደረሱ።

ለኮርማም ይህን ማድረግ ይቻላል። የቀጨኔ ጎረቤቶች ለማረድ እንደሚያዋጡ፥ የአንድ መንደር ሰዎችም ለማርባት አዋጥተው የወይፈኑን ዋጋ ለባለቤቱ ይከፍላሉ፤ መኖውንም በተራ ይሰጣሉ። ሦስት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ የገዛ ሴት ልጆቹ ጊደር ሆነው ለኮርማ ይደርሳሉ። ከአባታቸው ቢወልዱ ጥጆቹ ደካሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከሩቅ መንደር ኮርማ ጋር ይለወጣል። በዚያም አገልግሎቱን በፈጸመ ጊዜ ተቀጥቅጦ ይደልባል፥ ለሥጋም ይሸጣል። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ሌላ ወይፈን ለመግዛት ይሆናል።