የማኅፀን መውጣት፦ ምርምር ያስተማረንና የእኛ ድርሻ

ለእናቶች ኅብረትና ለፕሮጄክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት

የዛሬው ትምህርታችን በአደባባይ የማይነገር፣ በጓዳም ቢሆን በሹክሹክታ ብቻ የሚነሣ ጉዳይ ነው። ብዙ እናቶች ይህን ሕመም ለዓመታት ይዘው ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይሸከማሉ፣ ልጆች ያሳድጋሉ። ለባላቸው እንኳ ያልተናገሩ አሉ።

የትምህርቱ ዓላማ ሦስት ነው፤ በሽታውን ማወቅ፣ ሐኪሞች በምርምር የደረሱበትን መረዳት፣ በየማኅበራችንና በየፕሮጄክቱ ልናደርገው የሚገባንን መለየት። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. በሽታው ምንድን ነው?

በሴት ዳሌ ሥር ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች እንደ ወለል ሆነው ፊኛን፣ ማኅፀንንና የታችኛውን አንጀት ይደግፋሉ። ይህ ወለል ሲላላ ወይም ሲጎዳ ከበላዩ ያለው አካል ወደ ብልት ይወርዳል፤ ሲብስም ወደ ውጭ ይወጣል። ሕዝቡ በደፈናው «ማኅፀኗ ወጣ» ይላል፤ ነገር ግን የወረደው ፊኛ ወይም አንጀት ሊሆን ይችላል።

የታመመችው ሴት ወደ ታች የሚጎትት ክብደት ይሰማታል። እብጠት የሚመስል ነገር በእጇ ትዳስሳለች። ብዙ ቆማ ወይም ሸክም ተሸክማ ስትውል ይብስባታል። ሽንቷን ጨርሳ ለመሽናት ትቸገራለች፤ ወገቧንም ያማታል።

ይህን ሕመም ከፊስቱላ ጋር ማምታታት አይገባም። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ ምክንያት የሚፈጠር ቀዳዳ ሲሆን ሽንት ያለማቋረጥ እንዲፈስ ያደርጋል። የማኅፀን መውጣት ግን የድጋፍ መላላት እንጂ ቀዳዳ አይደለም። ሕክምናቸውም የተለያየ ነው።

2. ከምን ይመጣል?

ዋነኛው ምክንያት በምጥ መውለድ ነው። በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጆን ዴላንሲና ባልደረቦቻቸው የሴቶችን የዳሌ ጡንቻ ኤም.አር.አይ. በተባለው የምስል መሣሪያ መረመሩ። በ2007 ባወጡት ውጤት፣ ሕመሙ ካለባቸው ሴቶች 55 ከመቶው ከባድ የጡንቻ ጉዳት ሲገኝባቸው፣ ከሌለባቸው ግን በ16 ከመቶው ብቻ ታይቷል። በዚህ ላይ ዕድሜ፣ ብዙ ጊዜ መውለድ፣ ከባድ ሸክም፣ የማይለቅ ሳልና የሆድ ድርቀት ይጨመራሉ።

እንግዲህ ሕመሙ እርግማን ወይም የነውር ውጤት አይደለም። ልጅ በመውለድና በሥራ የደረሰ የአካል ጉዳት ነው።

3. እንዴት ይለካል?

ቀድሞ እያንዳንዱ ሐኪም በራሱ መንገድ ይለካ ስለነበር፣ የአንዱን አገር ጥናት ከሌላው ጋር ማስተያየት አስቸጋሪ ነበር። በ1996 ግን ሐኪሞች በአንድ መለኪያ ተስማሙ። ይህም የብልትን መግቢያ መነሻ አድርጎ አካሉ የወረደበትን ርቀት በሴንቲሜትር ይለካል፤ ከ0 እስከ 4 ደረጃም ይሰጣል። ደረጃ 2 ማለት የወረደው አካል ከመግቢያው በላይ ወይም በታች በ1 ሴንቲሜትር ውስጥ ሲገኝ ነው። ደረጃ 4 ፈጽሞ የወጣ ነው።

ይሁን እንጂ ሴንቲሜትር የሴቲቱን ጭንቀት አይለካም። ደረጃ 2 ላይ ሆና ምንም የማይሰማት ሴት አለች፤ በዚያው ደረጃ ሥራ መሥራት ያቃታትም አለች። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መለኪያ ጨመሩ፤ ይኸውም የራሷ የሴቲቱ ቃል ነው። ከሚጠቀሙባቸው መጠይቆች አንዱ ሰባት ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት አራት ሳምንታት ክብደቱ፣ ሕመሙና የሽንት ችግሩ ምን ያህል ጊዜ እንደተሰማት ትጠየቃለች፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይያዛል። ይህ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ በጎንደር አካባቢ በሚኖሩ ሴቶች ዘንድ ተፈትኗል።

4. በዳባት የታየው

የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የኖርዌይ አገሩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን ጎንደር በዳባት ወረዳ ያደረጉት ጥናት በ2013 ታትሟል። 395 ሴቶች ተጠየቁ፤ ከእነርሱም 294ቱ በሐኪም ተመረመሩ። ሲጠየቁ የሕመሙን ምልክት የተናገሩት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሲመረመሩ ግን ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በላይ ተገኘ። ከባድ ሸክም ለረጅም ሰዓት መሸከምና የተራዘመ ምጥ ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ታዩ።

ይህን ልዩነት እንዴት እንረዳው? ምርመራው የቆጠራቸው ሁሉ በሽተኞች ናቸው ማለት አይደለም፤ ከላይ እንዳልነው የማይሰማቸው ብዙ ናቸው። የተናገሩት ብቻ ታመዋል ማለትም አይደለም፤ በዚያው ክልል ከታመሙ ሴቶች ጋር ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ ያደረጉ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ኀፍረትና መገለልን ፈርተው ሕመሙን ደብቀው እንደኖሩ ተረድተዋል። ስለዚህ ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄም በጥድፊያና ሰው በተሰበሰበበት ከተጠየቀ እውነተኛ መልስ አያመጣም።

5. ሕክምናው ምን ያህል ይረዳል?

ሀ. የጡንቻ ልምምድ። በብሪታንያ፣ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ 447 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2014 ታትሟል። ከፊሎቹ የዳሌ ጡንቻን የማጠንከር ልምምድ ከባለሙያ ተማሩ፤ የቀሩት ምክር የያዘ ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ የተማሩት የሚሰማቸው ምልክት ቀንሶ ተገኘ። ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ፈጽሞ የወጣን ማኅፀን አይመልስም።

ለ. የድጋፍ ቀለበት። ሐኪም በብልት ውስጥ የሚያስቀምጠውና በየጊዜው ክትትል የሚደረግበት ነው። በሆላንድ 440 ሴቶች ከፊሎቹ ቀለበት፣ ከፊሎቹ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ በዕጣ ተመደቡ። በ2022 በታተመው ውጤት ከሁለት ዓመት በኋላ «ተሽሎኛል» ያሉት ከቀለበቱ ወገን 76.3፣ ከቀዶ ሕክምናው ወገን 81.5 ከመቶ ነበሩ። ሆኖም በቀለበት ከጀመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና ሄደዋል።

ሐ. ቀዶ ሕክምና። ሐኪሙ የላላውን ድጋፍ ያጠብቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ማኅፀኑን ያወጣል። ስለዚህ ገና ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ መናገር አለባት። በአንድ ወቅት በብልት በኩል ሰው ሠራሽ መረብ መስፋት ተስፋፍቶ ነበር። በ2017 የታተመ ከ1,300 በላይ ሴቶችን ያካተተ የብሪታንያ ጥናት ግን መረቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተለየ ጥቅም እንዳላመጣ አሳየ፤ መረብ ከተደረገላቸውም ከአሥር ከአንድ በላይ በመረቡ ሳቢያ ችግር አጋጠማቸው። በ2019 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ሕመም በብልት በኩል የሚሰፋው መረብ ሽያጭ እንዲቆም አዘዘ።

በእነዚህ ሦስት ጥናቶች ዋናው ሚዛን የሴቶቹ የራሳቸው መልስ መሆኑን ልብ በሉ። ሐኪሙ «ቀዶው ተሳክቷል» ማለቱ ብቻ አልበቃም፤ ሴቲቱ ምን አለች? ተብሎ ተጠይቋል። አዲስ ነገር ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነ የታወቀውም በዚህ መንገድ ነው።

6. ከእኛ የሚጠበቀው

በመጀመሪያ፣ ከመጠየቃችን በፊት በአካባቢያችን ሕክምናው የት እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል አጣርተን እንወቅ። ምሥጢሯን አውጥታ መሄጃ ያጣች ሴት ሐዘኗ ይበረታል።

ሁለተኛ፣ ሴት የጤና ሠራተኛ ለብቻ በተከለለ ቦታ ትጠይቅ። «ችግር አለብሽ ወይ?» ከማለት «ወደ ታች የሚወርድ ነገር ይሰማሻል? ሽንትሽን ትጨርሻለሽ?» ብላ በግልጽ ትናገር። የሰማችውንም ለጎረቤትም ሆነ ለጸሎት ቡድን አታውራ።

ሦስተኛ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገች እናት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሥራዋን እንካፈል። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ክብደቱ ሃያ ኪሎ ያህል ነው። ሐኪሟ ሸክም እንድትተው ባዘዘላት ጊዜ ሁሉ ውኃው በሌላ ሰው ይቀዳላት። ባልም ምክሩን አብሮ ይስማ።

አራተኛ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ጣቢያ እንዲወልዱ እንርዳ፤ ምጥ ሲራዘም ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም። ሽንት ፈጽሞ የቆመባት ወይም የወጣው አካል የቆሰለባት ወይም የሚደማባት ሴት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በዳባት የተናገሩትና በምርመራ የተገኙት ቁጥራቸው የተለያየው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት ስጡ።
2. በአካባቢያችሁ ይህ ሕመም በምን ስም ይጠራል? ስሙ ሴቶችን ያሳፍራል ወይስ ለመናገር ያግዛል?
3. ወደ ስብሰባ መምጣት ያቆሙ እናቶች አሉን? ምክንያቱን በጥንቃቄ ሊጠይቅ የሚችል ማን ነው?
4. አንዲት እናት ከቀዶ ሕክምና ስትመለስ ውኃዋን፣ እንጨቷንና ወፍጮዋን ማን ይረከባል? በስም መድቡ።