ተሳቢው ስንት ኪሎ ይችላል?

አጎቴ ላሊበላ ቤት ሲሠራ ሲሚንቶውን ከወልድያ የሚያመጣው በቤተሰቡ ላንድክሩዘር ነበር፤ ከኋላዋ አንድ በያጅ የሠራትን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ቀጥሎ። በአንድ ጉዞ 40 ከረጢት ይጭናል። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሆነ 2,000 ኪሎ፣ ባዶዋ ተሳቢ 400 ገደማ፣ ድምሩ 2,400።

«መኪናዋ እኮ 3,500 ትጎትታለች» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ለ70 ሲሪስ ላንድክሩዘር አውስትራሊያ ውስጥ የተሰጠው ቁጥር ይኸው ነው፤ ግን የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ! ፍሬን ለሌለው 750 ኪሎ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ የአጎቴ ድርሻ 350 ኪሎ፣ ማለትም 7 ከረጢት ነበር።

ዳገት ላይስ ሞተሩ ራሱ ይናገራል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ሾፌሩም ማርሽ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ግን ዝም ነው። 10 ከመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ 2,400 ኪሎ ተሳቢ መኪናዋን በ240 ኪሎ ያህል ጉልበት ከኋላ ይገፋታል። ይህን ሁሉ የሚይዘው የመኪናዋ ፍሬን ብቻ ነው፤ ይግላል፣ ከዚያ መያዝ ያቅተዋል።

አንድ ቀን ከጋሸና ሲወርድ ፍሬኑ ጨሰበት፤ በሁለተኛ ማርሽ እንደምንም አቆማት። ጥፋቱን ያደረገው በፍሬን ሸራው ነው። ሸራውን አስቀየረና በሳምንቱ 40 ከረጢት ጫነ።

ይህን ስሌት ደብተሬ ላይ ሠርቼ ያሳየሁት ለፋሲካ እረፍት ስሄድ ነው። ዝም ብሎ አየው። የቀረውን ሲሚንቶ በአይሱዙ አስመጣ።