ዓሣዬ ለምን ሞተች?

ዛሬ በራሴ የደረሰውን ላካፍላችሁ።

አጎቴ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች ከነመስታወት ገንዳቸው ገዝቶልኝ ነበር። አንድ ቀን ውሃው ሲደፈርስብኝ ሁሉንም ደፋሁና ከቧንቧ ቀድቼ ሞላሁት። በማግስቱ አንዷ ሞታ አገኘኋት። በጣም አለቀስኩ።

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው፣ «የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪኑ ደግሞ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳል» አሉኝ። ለካ ንጹሕ ያልኩት ውሃ ነው የጎዳት!

አሁን ውሃውን በክፍት ባልዲ 2 ቀን አሳድረዋለሁ። ከዚያ ከገንዳው ሩቡን ብቻ እቀይራለሁ። ምግብም ቶሎ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የተረፈው በስብሶ ውሃውን ያበላሻል።

ሁለተኛዋ ዓሣዬ እስከ ዛሬ ደህና ናት። እናንተም ዓሣ ካላችሁ ውሃ ከመቀየራችሁ በፊት የኔን አስታውሱ።