ስለ አሮጌው ቮልስዋገን፤ ጉድለቱን ስለ መለየትና ስለ መጠገን

ቮልስዋገን የተባለችው ትንሽ አውቶሞቢል በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ፋብሪካ በብዛት መሠራት የጀመረችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓመት መጨረሻ ነው፤ የመጨረሻዪቱም በ2003 ዓመት በሐምሌ ወር በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራት ይህች መኪና ዛሬም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ትታያለች፤ አሠራርዋም ያልተወሳሰበ ስለ ሆነ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ትመቻለች።

ጉድለት የገጠመው ሰው አስቀድሞ እጁን ወደ ቁልፍና ወደ ካቻቢቴ ይሰዳል፤ ይህ ግን የሥራውን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። የሚታየው ምልክት እንደ ቅኔ ሰም ነው፤ ወርቁ ከበስተኋላው አለ። አንድ ምልክት ሁለትና ሦስት ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል፥ ዕቃ ከመለወጥ በፊት የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ለዚህም ዋና ምሳሌ የሚሆነው ቀዩ መብራት ነው።

የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ የተቀመጠ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። (ውሃ የሚጨመርበትን አፍ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢዞራት አያገኘውም።) ነፋሱን የሚያመጣው ማራገቢያ ከዲናሞው ዘንግ ጋራ የተያያዘ ሲሆን፥ ሁለቱን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጊያ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናዪቱ በመንገድ ሳለች በነጂው ፊት ቀዩ የዲናሞ መብራት ቢበራ፥ ነገሩ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቺንጊያው ደኅና ሆኖ እየዞረ፥ ዲናሞው ወይም የኤሌክትሪኩን ኃይል የሚመጥነው ዕቃ ተበላሽቶ እንደ ሆነ፥ ባትሪው እየደከመ ይሄዳል እንጂ ሞተሩ አይጎዳም፤ ቀን ከሆነም እስከ ቅርብ ከተማ መድረስ ይቻላል። ቺንጊያው ተበጥሶ እንደ ሆነ ግን ነፋሱ ቆሟልና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩ ከልክ ያለፈ ግሎ ይበላሻል። ነጂው ከመቀመጫው ሆኖ ሁለቱን መለየት አይችልም። ስለዚህ መብራቱ በበራበት ስፍራ ወዲያው ቆሞ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ቺንጊያውን በዓይኑ ይመልከት። «ቤቴ ቅርብ ነው» ብሎ መንዳት ብዙ ሞተር አጥፍቷል።

ቺንጊያው የሚያልፍበት የዲናሞው መዘውር ሁለት ግማሽ ነው። ዳዶው በ21 ሚሊሜትር ቁልፍ ይፈታል፤ መዘውሩም እንዳይዞር በጠርዙ ባለው ስንጥቅ ካቻቢቴ ገብቶ ይያዛል። በሁለቱ ግማሾች መካከል ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ፤ አንዱን ከመካከል አውጥተው ከውጭ ቢያደርጉት ቺንጊያው ይጠብቃል፥ ከውጭ ወደ መካከል ቢመልሱት ይላላል። ሮንዴላዎቹ ሁሉ ከዘንጉ ላይ ይኑሩ፤ አንድም አይጣል። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከረገበ ልኩ ነው። እጅግ የጠበቀ እንደ ሆነ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይጎዳል።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ዘይቱም ይረዳል። የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን ከወንፊት በቀር ሌላ ማጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ በየ5000 ኪሎሜትር ይለወጣል። በዚያው ጊዜ የቫልቮላዎቹ ክፍተት ሞተሩ ፈጽሞ በርዶ ሳለ ይለካ፤ በብዙዎቹ ሞተሮች 0.10 ሚሊሜትር ነው። ቫልቮላ ሲያንኳኳ ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ «ዳነ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። የሚያንኳኳው ክፍተቱ ሰፍቶ ነው፤ ዝም ያለው ግን ክፍተቱ ጠፍቶ፥ ቫልቮላው አጥብቆ መዘጋት አቅቶት ሊሆን ይችላል። አጥብቆ ያልተዘጋ ቫልቮላ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ስለሌለው ይቃጠላል፤ ሊሰበርም ይችላል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ይህ በብዛት የሚደርሰው በሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይቱ ማቀዝቀዣ ነፋሱን ይጋርድበታልና።

መኪናዪቱ አልነሣ ስትል የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ሞተሪኖው ያዞራልን? የሚለው ነው። ካላዞረ ወይም በድካም ካዞረ ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው ባትሪ ይታይ፤ ገመዶቹ በሚታሰሩባቸው ራሶች ላይ የሚበቅለው ነጭ ዝገት በሞቀ ውሃ ታጥቦ እሥራቱ ይጥበቅ። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ግን የጎደለው እሳት ወይም ቤንዚን ነው። እሳት ከሌለ ፑንቲናው ይጸዳ፥ ሲከፈትም ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። እሳት እያለ ካንዴላው ደረቅ ቢሆን ቤንዚን አልደረሰም፤ ጠቁሮ ቢርስ በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራቶር በደጋ ቤንዚን አብዝቶ ጥቁር ጢስ ያስወጣል።

በቤንዚን ነገር ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ቱቦው ነው። ከፖምፓው ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደው አጭር ቱቦ በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ አካል ማግኒዝየም የሚባል ማዕድን አለበት፤ እሱ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ደረቅ አሸዋ ይሻላል። መምህሩ ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ቱቦውን በጣቱ አጥፎ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው፤ ተሰንጥቆ ቢገኝ፥ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ሲያስነኩት ቤንዚን ቢሸት፥ አዲስ ቱቦ እስኪገባላት ድረስ መኪናዪቱ አትነሣም።