የደም ማነስ ሁሉ የብረት ማነስ አይደለም

ከዲላ ገበያ ስትመለስ ዳገቱን መውጣት ያቃታት፤ ራሷን የሚያዞራትና ልቧ ቶሎ ቶሎ የሚመታባት አንዲት እናት አለች እንበል። ይህች እናት ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ስላለ መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች። ጎረቤቷም «ደምሽ አልቋል፤ እኔ ከወሊድ የተረፈኝን የብረት ክኒን ዋጪ» ብላ ትሰጣታለች። እርሷም ሁለቱን መድኃኒት ባንድነት በባዶ ሆዷ ትውጣለች። ጎረቤቲቱ ይህን ያደረገችው በቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ስሕተት ይገኛል። የዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ የሚያስረዳ ነው።

የደም ማነስ ምንድር ነው?

ደምን የሚያቀላውና ኦክሲጅንን ወደ አካል ሁሉ የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ነው፤ ይህም ያለ ብረት አይሠራም። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ በ1 ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ከ12 ግራም በታች ሲሆን ደም አንሷታል ይባላል። እንደ ዲላ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ወሰኑ ጥቂት ከፍ ይላል። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከመቶው 24ቱ ደም አንሷቸው ተገኝተዋል።

ብረት በምን ይጎድላል?

በወር አበባና በወሊድ ደም ይፈሳል። በጌዴኦ ከእንሰቱና ከቡናው ሥር ያለው እርጥብ አፈርም ለመንጠቆ ትል የተመቸ ነው፤ ትሉ በባዶ እግር በኩል ገብቶ በአንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። እኔ በውጭ አገር ስማር ስለ ብረት ብዙ ተምሬአለሁ፤ ስለ ቆጮና ስለ ቡና ግን የተማርሁት እዚሁ ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ምግብን ተከትሎ ወዲያው የሚጠጣ ቡናም ብረቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ስሕተት፤ ሳይመረመሩ መዋጥ

ሰውነት ከተሐዋስያን ጋር ሲታገል ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣል። ይህም ብረቱን በጎተራው ይቆልፈዋል፤ ጎተራው ሙሉ ሳለ ቤተ ሰቡ ይራባል እንደ ማለት ነው። ወባና የሳንባ ነቀርሳም ደም ያሳንሳሉ። ዚዶቩዲን የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ የአጥንትን መቅኔ ሊያደክም ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ የብረት ክኒን ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ እንዲያውም የተደበቀውን ነቀርሳ ሳይታወቅ ያቆየዋል። የተከማቸውን ብረት የሚያመለክተው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። የጤነኛ ሰው ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮ ግራም ቢያንስ ብረት ጎድሎታል፤ ነገር ግን በሕመም ጊዜ ፌሪቲን ከፍ ስለሚል የበሽተኛ ወሰን 70 ነው።

ሁለተኛው ስሕተት፤ ክኒኖቹን ማገናኘት

ዛሬ ብዙዎች የሚወስዱት ዶሉቴግራቪር በባዶ ሆድ ከብረት ጋር ሲገናኝ ብረቱ ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባውም መድኃኒት ያንሳል። በዚህ ጊዜ ቫይረሱ እንደገና ሊበረታ ይችላል።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ደንቦች

1. ድካምና ራስ ማዞር ሲሰማ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደምን ማስመርመር።
2. ሐኪም ብረት ቢያዝ፣ ዶሉቴግራቪርን ከብረቱ 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ፤ ባንድነት መውሰድ ግድ ቢሆን ከምግብ ጋር ማድረግ።
3. ቆጮን ከጎመን፣ ከባቄላና ሲገኝም ከሥጋ ጋር መብላት፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን መጨመር፤ ቡናውን ከምግብ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት።
4. ጫማ ማድረግና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም።
5. ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በማናቸውም ምክንያት አለማቋረጥ።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻችሁና ለወላጆቻቸው አስረዱ። ስታስረዱም የማንንም ስም አታንሡ፤ የሰውን ምሥጢር መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነውና።