ርካሹ ሩዝ ሲወደድ፤ የኤክሴል ሠንጠረዥ ለወረታ የሩዝ ነጋዴ

የፎገራ ሜዳ የሩዝ አዝመራ በኅዳርና በታኅሣሥ ከማሳ ሲነሣ የወረታ መፈልፈያ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ግራና ቀኝ፣ ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከምና ከደራ ቀበሌዎች የሚሰበሰበው ሩዝ በከተማዋ ተፈልፍሎ በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር፣ እንዲሁም በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚወስዱት መንገዶች ይጫናል። በዚህ ወቅት ነጋዴው ከብዙ ገበሬ ይገዛል፣ ለመፈልፈያ ይከፍላል፣ ከፊሉን በእጅ በእጅ ከፊሉን በዱቤ ይሸጣል፤ ሁሉንም በደብተር ያሰፍራል። ችግሩ የሚታየው ወቅቱ ሲያልፍ ነው። በእጅ የቀረው ገንዘብ ከታሰበው ያንሳል፤ የትኛው ግዢ እንዳጎደለው ግን ደብተሩ አይናገርም።

ዛሬ በብዙ ንግድ ቤት ኮምፒዩተር አለ፤ በኮምፒዩተሩም ላይ ኤክሴል አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያገለግለው እንደ ጽሕፈት መኪና ነው፤ በካልኩሌተር ተደምሮ ያለቀ ሒሳብ ተተይቦበት ይታተማል። ኤክሴል ለነጋዴ ዋጋ የሚኖረው እያንዳንዱ ጭነት ለብቻው ያወጣውና ያስገባው እንዲታወቅ ተደርጎ ሲመዘገብ ነው። ለዚህም ከፍተኛ ሥልጠና አያስፈልግም፤ ጥቂት ደንቦችን መጠበቅ ይበቃል።

የረከሰ ሁሉ ርካሽ አይደለም

ሩዝ በፎገራ መመረት የጀመረው በ1970ዎቹ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ጭምር ይውላል። የሩዝ ንግድ ከጤፍም ሆነ ከበቆሎ ንግድ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የተገዛው ኩንታልና የሚሸጠው ኩንታል አንድ አይደሉም። በዓለም አቀፍ አማካይ ስሌት ካልተፈለፈለ ሩዝ ክብደት 20 በመቶ ያህሉ ቅርፊት፣ 11 በመቶ ያህሉ ለመኖ የሚሆን ብናኝ ሲሆን፣ ነጭ ሩዝ ሆኖ የሚወጣው 69 በመቶ አካባቢ ነው። የሩዙ ዝርያ፣ እርጥበቱና የመፈልፈያው ሁኔታ ይህን መጠን ዝቅ ያደርጉታል።

ሁለት ጭነቶችን እንመልከት፤ ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተያዙ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የመጀመሪያው 100 ኩንታል በ3,000 ብር፣ ሁለተኛው 100 ኩንታል በ2,850 ብር ተገዛ። ለመፈልፈያ፣ ለጆንያ፣ ለጫኝና ለማመላለሻ ለእያንዳንዱ ጭነት 30,000 ብር ወጣ። የመጀመሪያው 68 ኩንታል ነጭ ሩዝ ሲሰጥ፣ እርጥበት የነበረው ሁለተኛው 63 ኩንታል ሰጠ። ጠቅላላ ወጪው በወጣው ነጭ ሩዝ ሲካፈል የመጀመሪያው በኩንታል 4,853 ብር፣ ሁለተኛው 5,000 ብር ይሆናል። በግዢ ጊዜ በ150 ብር የረከሰው ሩዝ ከመፈልፈያ ሲወጣ በ147 ብር ተወዶ ተገኘ ማለት ነው።

ሁለቱም በ4,950 ብር ቢሸጡ ከመጀመሪያው 6,600 ብር ይተረፋል፤ በሁለተኛው 3,150 ብር ይከሰራል። ሁለቱን በአንድነት የሚደምር ደብተር ግን 3,450 ብር ትርፍ ብቻ ያሳያል። ኪሳራው በትርፉ ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል፤ ነጋዴውም በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ እርጥብ ሩዝ ይገዛል።

ለአንድ ጭነት አንድ ረድፍ

የመጀመሪያው ደንብ ለእያንዳንዱ ጭነት መለያ ቁጥርና አንድ ረድፍ መስጠት ነው። ዓምዶቹ የመጣበት ቦታ፣ የሩዙ ዝርያ፣ ያልተፈለፈለው ኩንታል፣ የአንዱ ኩንታል መግዣ፣ የመፈልፈያ ወጪ፣ የጆንያና የማመላለሻ ወጪ፣ የደላላ ክፍያ፣ የወጣው ነጭ ሩዝ፣ ከብናኙ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ እያሉ ይቀጥላሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉት ጠቅላላ ወጪ፣ ነጭ ሩዙ በመቶኛ እና የአንድ ኩንታል ነጭ ሩዝ ዋጋ በእጅ አይጻፉም፤ በቀመር ይወጣሉ።

አንድ ጭነት ለብዙ ገዢ ተከፋፍሎ የሚሸጥ ከሆነ ሽያጩ በሌላ ሉህ ይመዘገባል። በእያንዳንዱ ሽያጭ ፊት የጭነቱ መለያ ቁጥር ይጻፋል፤ ሰምኢፍ የተባለው ቀመርም የአንዱን ጭነት ሽያጮች ለይቶ ይደምራል። በረድፎች መካከል ባዶ መስመር መተው፣ ወይም በየሳምንቱ መሐል ላይ ድምር ማስገባት አይገባም፤ ማጣሪያውና ቀመሩ ይደናገራሉ።

ቁጥርና ቃል በአንድ ሴል አይቀመጡ

ብዙ ገንዘብ የሚያሳስተው ቀላሉ ስሕተት በአንድ ሴል ውስጥ «50 ኩንታል» ብሎ መጻፍ ነው። ኤክሴል ይህን እንደ ቃል እንጂ እንደ ቁጥር አያየውም። ሰም የተባለው የመደመሪያ ቀመርም ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ዘሎት ያልፋል፤ ድምሩ 50 ኩንታል ያንሳል። መፍትሔው መለኪያውን በዓምዱ ርእስ ላይ ጽፎ በሴሉ ውስጥ 50 ብቻ ማስገባት ነው። መለያ ምልክትም አለው፤ አሰላለፉ ካልተነካ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ቃል ወደ ግራ ይጠጋል። በቁጥር ዓምድ ውስጥ ወደ ግራ የተጠጋ ካለ ይመርመር።

ሐሙሲትና ሀሙሲት

ሁለተኛው ስሕተት ከፊደላችን የሚመጣ ነው። ለአንባቢ «ሐሙሲት»፣ «ሀሙሲት» እና «ኀሙሲት» አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ቦታዎች ናቸው። «ጅግና» እና «ጂግና»ም እንዲሁ። ከሐሙሲት የተገዛው ሁሉ ይደመር ሲባል በሌላው ፊደል የተጻፈው ይቀራል። ከቃሉ መጨረሻ የተተወ፣ ለዓይን የማይታይ ባዶ ቦታም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

ስለዚህ የቦታ፣ የዝርያና የደንበኛ ስም በየጊዜው መተየብ የለበትም። በአንድ ሉህ ላይ ትክክለኛው ዝርዝር አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ ዴታ ከሚለው ክፍል ዴታ ቫሊዴሽን፣ ቀጥሎም ሊስት የሚለው ተመርጦ ዝርዝሩ ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ከተዘረጋው ዝርዝር ይመርጣል እንጂ አይተይብም።

ቀን ሲቆጠር ትርፍ ይቆጠራል

ሩዝን ዋጋ እስኪወጣ በመጋዘን ማቆየት የተለመደ ነው። ስንት ቀን ማቆየት ያዋጣል ለሚለው ግን ቀን መቁጠር ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ኤክሴል የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር አለማወቁ ችግር ይፈጥራል። ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ለማለት 5/8/2017 ብሎ የሚጽፍ ሰው እንደ ኮምፒዩተሩ አቀማመጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 5 ወይም ሜይ 8 ተብሎ ይያዝበታል። 13ኛዋ ወር ጳጉሜንማ በኤክሴል የወሮች አቆጣጠር ውስጥ ከናካቴው የለችም።

መፍትሔው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር ማስገባት ነው። በአራተኛው ዓምድ ደግሞ የሚከተለው ቀመር ይገባል፦ ዓመቱ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ኢንት በተባለው ቀመር ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይወሰድና ይደመርበታል፤ ወሩ በ30 ተባዝቶ ይደመራል፤ በመጨረሻ ቀኑ ይደመራል። የሁለት ቀኖች ቁጥር ሲቀናነስ በመካከላቸው ያሉት ቀናት ይገኛሉ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትንም ዓመት ቀመሩ ራሱ ያስተካክላል፤ ከነሐሴ 25 ቀን 2015 እስከ መስከረም 5 ቀን 2016 በትክክል 16 ቀን ይሰጣል። ከውጤቱ ላይ 691194 ተቀንሶ ሴሉ የቀን ቅርጽ ሲሰጠው የፈረንጁን ቀን ያወጣል፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ሆኖ ይገኛል።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ከላይ የተጠቀሰው የመጀመሪያው ጭነት ያሳያል። 330,000 ብሩ በዓመት 16 በመቶ ወለድ የተበደሩት ቢሆን በቀን 144 ብር ከ66 ሳንቲም ወለድ ይቆጥራል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ተገዝቶ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ከተሸጠ 105 ቀን ቆይቷል፤ ወለዱም 15,189 ብር ይደርሳል። 6,600 ብር ያተርፋል የተባለው ሩዝ በ46ኛው ቀን ላይ ትርፉን ጨርሷል። በመጋዘን ለማቆየት የሚወስን ነጋዴ የዋጋው ጭማሪ ይህን መሸፈኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ያው ቀመር የዱቤ ደንበኞች ክፍያ ስንት ቀን እንዳለፈው ለማወቅም ያገለግላል።

የወለዱ መጠን በአንድ ሴል ብቻ ይጻፍ። ቀመሩ ወደ ታች ሲገለበጥ ያ ሴል ከቦታው እንዳይንሸራተት ቀመሩን በመጻፍ ላይ ሳሉ ኤፍ 4 የሚለውን ቁልፍ መጫን የዶላር ምልክት አስገብቶ ያስረዋል። ባንኩ ወለድ ሲለውጥ አንዱ ሴል ብቻ ይስተካከላል።

ከመግዛት በፊት መጠየቅ

የዚህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ ፈር ቀዳጅ ቪዚካልክ ነው፤ በዳን ብሪክሊንና በቦብ ፍራንክስተን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ሲቀርብ ነጋዴዎችን የማረከው አንድ ቁጥር ሲለወጥ የተያያዘው ሁሉ ራሱን ማስተካከሉ ነበር። ዛሬም ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። እርጥብ የሚመስል ሩዝ በር ላይ ሲደርስ ነጋዴው ነጭ ሩዙን 63 በመቶ፣ መሸጫውን 4,950 ብር አስገብቶ ስንት ቢገዛ እንደማይከስር መጠየቅ ይችላል። ጎል ሲክ የተባለው መሣሪያ ትርፉ ዜሮ የሚሆንበትን የመግዣ ዋጋ ራሱ ፈልጎ ያወጣል፤ መልሱ 2,818 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከብናኙ የሚገኘው ገንዘብ ካለ ይህን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ዋጋ የሻጩን እንጂ የገዢውን ኪስ አይሞላም።

ፋይሉ እንዳይጠፋ

መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ኮንትሮልን ይዞ ኤስን መጫን ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ከመብራቱ ጋር ሊሄድ ይችላል። በኮንትሮልና በዜድ የተሳሳተ ሥራ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኮንትሮልና ቲ ደግሞ መዝገቡን ወደ ሠንጠረዥ ይለውጠዋል፤ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ቀመሮቹ ራሳቸው ይከተላሉ። በየዕለቱ ማታ የፋይሉ ቅጂ በፍላሽ ተይዞ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ይደር፤ ስሙም የዕለቱን ቀን ይያዝ።

በቀድሞዎቹ የአማርኛ ፊደል ሶፍትዌሮች የተተየቡ ፋይሎች ያሏቸው ነጋዴዎችም ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆነው ይከፈታሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መለኪያ ውስጥ ስለገባ አዲስ መዝገብ በዩኒኮድ መተየቡ አዲስ አበባ ያለው ገዢም እንዲያነበው ያስችላል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር አያስፈልግም። የዘንድሮን አሥር ጭነቶች ብቻ ከደብተር አውጥቶ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ ሰጥቶ፣ የአንድ ኩንታል ነጭ ሩዝ ዋጋን ማስላት ለመነሻ በቂ ነው። ከአሥሩ ውስጥ የትኛው ገበሬ ሩዝ ውድ ቢሆንም እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ደግሞ በርካሽ ተገዝቶ እንዳከሰረ በግልጽ ይታያል። የሚቀጥለው አዝመራ ዋጋ ድርድር መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።