የተሳቢ ጭነት ማመጣጠኛ ማያያዣ አመራረጥና አገጣጠም

መግቢያ

በጎጃም ደጋ የመኸር እህል ከተወቃ በኋላ ጤፍና ስንዴ ከየማኅበሩ መጋዘን ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ደጀን ይጓጓዛል። ፒክአፕ መኪና ያለው ማኅበር ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ቢያስከትል ምልልሱ ይቀንስለታል። ሆኖም የተሳቢው ክብደት በመኪናው ጀርባ ላይ ብቻ ሲያርፍ መሪው ይቀላል፤ የፊት ፍሬንም ይዳከማል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በመሆኑ ይህ ጉድለት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ሀ. ምክንያቱ

ድጅኖ ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሁሉ፣ ከኋላ አክስል ወዲያ ያረፈ ክብደት የመኪናውን ፊት ያነሣል። ለምሳሌ በሁለቱ የመኪና አክስሎች መካከል 3 ሜትር፣ ከኋላ አክስል እስከ ማያያዣው 1.2 ሜትር ቢሆንና ተሳቢው 200 ኪሎ ቢጫን፣ የፊት ጎማዎች 80 ኪሎ ያጣሉ፤ የኋላዎቹ 280 ኪሎ ይጨምራሉ። ማመጣጠኛው ሁለት የብረት ምላሶች አሉት። ምላሶቹ በሰንሰለት ሲወጠሩ ከክብደቱ ከፊሉን ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው አክስል ይመልሳሉ።

ለ. አመራረጥ

1. አስቀድሞ የመጎተቻውን ዘንግ ክብደት መመዘን ያስፈልጋል። የማኅበሩ የእህል ባስኩላ ለዚህ ይበቃል። ተሳቢው እንደተለመደው ተጭኖ፣ ጎማው እንዳይንከባለል ድንጋይ ተደግፎ፣ ዘንጉ በማያያዣው ከፍታ ልክ በባስኩላው ላይ በቆመ ግንድ ላይ ይረፍ። የግንዱ ክብደት ይቀነስ።

2. ይህ ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 ሊሆን ይገባል። ባዶው 400 ኪሎ የሆነ ተሳቢ 10 ኩንታል ቢጭን ጠቅላላው 1,400 ኪሎ ነው፤ ዘንጉም ከ140 እስከ 210 ኪሎ መመዘን አለበት። ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ጥቂት ጆንያ ወደ ፊት ይዛወር።

3. የምላሶቹ አቅም ከዚህ ክብደት ጋር ይመጣጠን። የደከመ ምላስ አይጠቅምም፤ እጅግ የጠነከረ ደግሞ በወጣ ገባ መንገድ ዘንጉን ይሰብራል።

4. የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይህን ማያያዣ መፍቀዱ ይረጋገጥ። ማመጣጠኛ የመኪናውን የመጎተት አቅም ፈጽሞ አይጨምርም።

ሐ. አገጣጠም

1. ደልዳላ ሜዳ ይመረጥ፤ የጎማዎች ንፋስ ይስተካከል።

2. ተሳቢው ሳይያያዝ ከመሬት እስከ ፊተኛው ፓራፋንጎ ጠርዝ ይለካ፤ 85 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል።

3. ተሳቢው ከነጭነቱ፣ ምላሶቹ ሳይወጠሩ ይያያዝና እንደገና ይለካ፤ 89 ሆነ እንበል።

4. ዘንጉና የመኪናው ጀርባ በክሪክ ይነሡ። ሰንሰለቶቹ በሁለቱም ወገን እኩል ቀለበት ተቆጥሮ ይታሰሩ፤ ከዚያ ክሪኩ ይውረድ።

5. ሦስተኛው ልክ ከ87 እስከ 85 ከሆነ መልካም ነው። ከ87 ከበለጠ አንድ ቀለበት ይጠር፤ ከ85 ካነሰ ይላላ።

6. ብሎኖቹ ይጥበቁ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም እንደገና ይፈተሹ። የጥንቃቄ ሰንሰለቶች በዘንጉ ሥር ተመሳቅለው ይታሰሩ።

የተወጠረ ምላስ ቢያመልጥ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ሰንሰለቱን የሚያስር ሰው እጁንና እግሩን ያርቅ፤ ሥራውም ያለ ክሪክ አይሞከር።

መ. በመንገድ ላይ

ከአስፋልት ወጥቶ ቦይ ወይም ፈፋ ሲሻገሩ ምላሶቹ መላላት አለባቸው። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ይግባ፤ መኪናው በፍሪሲዮን ወይም በዜሮ ማርሽ አይለቀቅ። በክረምት በዋልካ መንገድ ላይ ጭነቱ ይቀነስ። በጆንያዎቹ ላይ ሰው ማሳፈር ፈጽሞ አይገባም።

ማሳሰቢያ

ይህ ማያያዣ ለትራክተር አይደለም። የትራክተር ተሳቢ ዝቅ ብሎ በተሠራለት መጎተቻ ላይ ብቻ ይያያዝ፤ ከፍ ብሎ ቢታሰር ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። የፊት ጎማው ከቀለለ የፊት ክብደት ይጨመር ወይም ጭነቱ ይቀነስ።

ሾፌሮች «መሪው ቀለለኝ» ሲሉ ወይም የመኪናው መብራት ሽቅብ ሲያበራ የልማት ሠራተኛው ችላ እንዳይል እንመክራለን። ባስኩላና ሜትር በየማኅበሩ አሉ፤ ልኬቱ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። ሦስቱ ልኮች በመጋዘኑ መዝገብ ይጻፉ፤ የጭነቱ ዓይነት ወይም መጠን በተለወጠ ቁጥርም ልኬቱ ይደገም።